ከማን ጋር ተመደብን?

ሰሞኑን የደቡብ ጎንደር ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው በቆሙበት ሁሉ አንድ ክርክር አይታጣም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በየዓመቱ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የምናካሂደው የአገር ልጆች የኳስ ውድድር ከመጪው ዓመት ጀምሮ በወረዳ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንድ ወረዳ አንድ ቡድን፤ በቃ። አሥራ አንድ ያልሞላለት ወረዳ አይጫወትም፤ ከሌላ ወረዳ ተጫዋች መዋስም ክልክል ነው። ሐሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል ተብሏል። እኛም ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ያቀረብነው እጅ ከመውጣቱ በፊት የልባችንን ተናግረን እንድናድር ነው።

«እኛ» ስንል የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ማለታችን ነው። እስከ ዛሬ አንድ ቡድን ነን። ይህን ቡድን ማንም አቅዶ አልመሠረተውም። ፍሬሽ ሆነን ግቢ የገባን ጊዜ የላይ ጋይንት ልጆች ዘጠኝ ነበሩ፤ የእስቴ ልጆች በረኛ አልነበራቸውም፤ የስማዳ ልጆች ደግሞ በረኛም ተከላካይም ነበራቸው፣ ነገር ግን አራት ብቻ ነበሩ። ተጠራርተን ሜዳ ወረድን፤ እዚያው ቡድን ሆንን። ከኪሳችን አዋጥተን የገዛነው ማልያ አሥራ ሦስት ነው። እኛ ግን ከዚያ እንበልጣለንና ተቀያሪው ሲገባ የሚወጣው ልጅ ላብ የጠጣውን ማልያ አውልቆ ያለብሰዋል። ደረቱ ላይ ምን ይጻፍ በሚል ሁለት ሌሊት ተጨቃጨቅን። «ጋይንት» ቢባል እስቴ አኮረፈ፤ «እስቴ» ቢባል ስማዳ አኮረፈ። በመጨረሻ «ጉና» ብለን አረፍን። ፋርጣዎች «ጉና የእኛ ነው፣ ስማችንን መልሱ!» እያሉ ሲያሾፉብን ከረሙ። እውነትም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ያ ተራራ የማንም የግል ርስት አይደለም። ርብም ጉማራም ከእሱ ነው የሚነሡት፤ ውኃ ደግሞ ወረዳ አይጠይቅም።

ባገራችን ሜዳ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በስተደቡብ ዓባይ፣ በስተምሥራቅ በሽሎ ቆርጦታል፤ በመካከሉ ያለው አምባና ገደል ነው። ኮንጎ ጫማ አድርገን የጨርቅ ኳስ ስናንከባልል ያደግን ልጆች ኳሷ ገደል ከገባች ጨዋታው እንዳለቀ እናውቃለን። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሄዶ መግጠም የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ ስንቅ ተይዞ፣ ካስፈለገም አድሮ። ተሸንፈንም እንኳ ያሸነፈን ልጅ እናት ቤት እራት በልተን እንመለስ ነበር። ጎረቤት ማለት ለእኛ ይህ ነው፤ የምትገጥመውና ቤቱ የምታድር።

እስቲ አሁን በወረዳ ይሁን የሚሉትን ጓደኞቻችንን ቃል ሳናዛባ እንመልከት። ፍሬ የሌለው ነገር አይናገሩም። አንደኛ፣ በወረዳ ሲሆን ቡድን ይበዛል፤ ቡድን ሲበዛ ዛሬ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ልጅ ይጫወታል ይላሉ። እውነት ነው። በእኛ ቡድን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ሠርተው ማልያ ሳይለብሱ የቀሩ ልጆች አሉ። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ያለ ሰው ለወረዳው ስም ሲሆን ገንዘብ ለማዋጣት እጁ ይፈታል ይላሉ። ይህም አይካድም። ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይጠነክራል፤ «ሦስትና አራት ወረዳ ሆናችሁ አንድ ፎገራን፣ አንድ ደራን ትገጥማላችሁ፤ ይህ ፍርድ ነው ወይ?» ይሉናል። ለዚህኛው ዋንጫውን አላነሣንም ብለን ብንመልስም መልስ አይሆንም።

ይሁን እንጂ እኛም የምንጠይቀው አለን። በወረዳ ይሁን ስንል በየትኛው ዘመን ወረዳ? የጋይንት አያቶቻችን ሲጠየቁ አውራጃቸውን ጋይንት፣ ጠቅላይ ግዛታቸውን በጌምድርና ስሜን ይሉ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ጎንደር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ፤ ከዚያ ወዲያ ዞንና ክልል መጣ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ እስቴ ራሱ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተቆጥሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰዴ ሙጃ ከስማዳ ወጥቶ ወረዳ ሆኗል፤ ጉና በጌምድርም ክምር ድንጋይን መቀመጫው አድርጎ ቆሟል። በዚህ ቅር የሚለን የለም፤ መሥሪያ ቤት ወደ ገበሬው ደጃፍ ሲቀርብ ደግ ነው። ገበሬው ማኅተም ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ከመሄድ ይድናል። ነገር ግን ለማኅተም የተሠመረ መሥመር ለኳስም ይሠራል ያለው ማን ነው? በአንድ ሜዳ ያደጉ፣ በአንድ ወንበር የተማሩ ሁለት የስማዳ ልጆች ዛሬ አንዱ የስማዳ፣ ሌላው የሰዴ ሙጃ ናቸው። በአዲሱ ሐሳብ በአንድ ቡድን መሰለፍ አይችሉም።

የምድብ ነገር የቡድንን ዕድል ከሜዳው ውጭ እንደሚወስን የአገራችን ኳስ ታሪክ ይመሰክራል። የኢትዮጵያ ሻምፒዮናዎች ዝርዝር ቢታይ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1957 ሐማሴን፣ በ1958 እና በ1959 አከለ ጉዛይ ይገኙበታል። የአውራጃ ስም ይዘው የአገር ዋንጫ የወሰዱ ቡድኖች ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ሠንጠረዥ ላይ የሉም። ወርደው አይደለም፤ የአገሩ ድንበር ተለውጦ ነው። ቅርቡንም እናስታውስ። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ብቻ ሲካሄድ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ። ደስ አለን፤ ጨፈርን። ሆኖም ጎንደር ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ስላልነበረች ቡድኑ በዚያ ዓመት በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድ የሊግ ጨዋታ አላደረገም። የጎንደር ሰው የገዛ ቡድኑ ሲነግሥ በመስኮት እንደሚያይ ሰው በቴሌቪዥን አየ። በዚያው ዓመት የትግራይ ሦስት ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። የእነዚያ ተጫዋቾች የወጣትነት ዕድሜ ግን አብሮ አልተመለሰም።

ሩቅ አገርም እንሂድ ከተባለ የአሜሪካን ኮሌጆች እንይ። የእነሱ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ በሚባል የጎረቤት ማኅበር ተቧድነው ይጫወታሉ። ፓክ ትዌልቭ የሚባለው የምዕራብ ጠረፍ ማኅበር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሥራ ሁለቱ አባላት አሥሩ ጥለውት ወጡ፤ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩ። ምክንያቱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የሚመጣው ከእነሱ አገር እግር ኳስ ነው። ቅርጫት ኳሱም መረብ ኳሱም ተጎትቶ ሄደ። ከሰላማዊ ውቅያኖስ አጠገብ ያለው ስታንፎርድ የአትላንቲክ ጠረፍ የሚባል ማኅበር አባል ሆነ። የፈተና ሰሞን አህጉር አቋርጦ ለአንድ ግጥሚያ የሚበር ተማሪ አስቡ! በአንጻሩ የኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ዓመታት ከተለያቸው የቅርጫት ኳስ ባላጋራዎቹ ጋር ለመጫወት እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ቢግ ኢስት ማኅበር ተመለሰ፤ በ2023 እና በ2024 የወንዶቹ ቡድን በተከታታይ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫውን ጎረቤት ብቻ አመጣው አንልም፤ ከእነሱ በተለየበት ዘመንም በ2014 አንድ ወስዷልና። የምንለው ይህን ነው፤ ገንዘብ ወደ ሩቅ ሲጠራ ሁሉም አልሄደም፤ የለመደውን ባላጋራ ፈልጎ የተመለሰም አለ፣ ከስሮም አልቀረም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ ጉዳይ የቴሌቪዥን ብር የለበትም፤ የቁጥር ጉዳይ ነው። በወረዳ ቢሆን ላይ ጋይንት ቡድን ይኖረዋል። እስቴም ተጠራርቶ አያጣም። ስማዳ ይንገዳገዳል። ታች ጋይንትና ሰዴ ሙጃ ግን ያልቅላቸዋል። ዘንድሮ ከታች ጋይንት የሚጫወቱልን ሦስት ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የግራ ክንፋችን ነው፣ ይህን ሐሳብ የሰማ ዕለት ዶርም ውስጥ ጫማውን እየጠረገ «እንግዲህ እኔ በረኛ፣ እሱ ተከላካይ፣ ያ ደግሞ አሠልጣኝ እንሆናለና!» አለን። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ «የት ልታደርጉኝ ነው ግን?» አለ። አምበላችን የሚመልስለት አጣ።

የሴቶቹ ነገር ይብሳል። የመረብ ኳስ ቡድናቸው ስድስት ሴቶችና አንዲት ተቀያሪ ነው፤ እነዚህ ሰባት ልጆች ከአራት ወረዳ የተሰበሰቡ ናቸው። ሐሳቡ ሲረቀቅ ማንም አላማከራቸውም። በወረዳ ከሆነ ከመካከላቸው ስድስት ሊሞላ የሚችል አንድም ወረዳ የለም። ቡድን ይበዛል የተባለው ለወንዶቹ ነው፤ ለእነሱ ውድድሩ ያበቃል።

ቁጥሩ ደግሞ የሰነፍ ቁጥር አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከእኛ ታናናሾች ስንቱ ዓመት እንደባከነበት እያንዳንዳችን ከየቤታችን እናውቃለን። ዘንድሮ ከየወረዳችን የመጣው ፍሬሽ ከእኛ ጊዜ ያነሰ ነው። እንግዲህ አሥራ አንድ ያልሞላ አይጫወት ማለት፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጦርነት የመጣበትን ልጅ እዚህም መጥቶ ዳር ቁም እንደ ማለት ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው።

እኛ ባለበት ይቅር ብለን አንከራከርም። ሦስት ነገር ይታይልን እንላለን።

አንደኛው፣ ወረዳ በስሙ መጫወት ከፈለገና ሰው ከሞላለት ይጫወት፤ ማንም አይከልክለው። ላይ ጋይንት «ብቻዬን እችላለሁ» ካለ በክብር እንሸኘዋለን፤ ሜዳ ላይ ስንገናኝ ግን ወዮለት። ሰው ያልሞላለት ወረዳ ደግሞ ከሚዋሰነው ጎረቤት ጋር የመጣመር መብት ይኑረው። እዚህ ላይ ከማን ጋር እንደሚጣመር ራሱ ይምረጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይመደብ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ደግሞ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሁለተኛው፣ ጥምር ቡድን ጉልበቱን ይዞ ደካማውን እንዳይውጥ ሕግ ይውጣለት። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ከየወረዳው ቢያንስ ሁለት ልጅ ይሰለፍ፤ ዳር ቆሞ የከረመው ልጅ ተራው ይድረሰው። በዚህ ምክንያት ጨዋታ ብንሸነፍም እንሸነፍ። ከፎገራና ከደራ ለቀረበብን ክስ ሌላ መልስ የለንም፤ ይህ ግን መልስ ይመስለናል።

ሦስተኛው፣ የሴቶቹ ውድድር ቁጥራቸው እስኪበረክት በወረዳ መባሉ ይቅር። በምን ይቧደኑ የሚለውን እነሱው ተሰብስበው ይወስኑ፤ እኛ መረቡን እንወጥርላቸዋለን።

ከዚህ የተረፈው የአገር ቤት ሥራ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ክረምት በገባን ጊዜ በየትኛውም ወረዳ ስም ብንመዘገብ የወዳጅነት ጨዋታችን አይቅር። አንድ ዓመት ነፋስ መውጫ፣ አንድ ዓመት ዓርብ ገበያ፣ አንድ ዓመት ወገዳ፣ አንድ ዓመት መካነ ኢየሱስ እየተዞረ ይደረግ። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ኳስና ስንቅ ብቻ። ታናናሾቻችን የሚገጥሙትን ልጅ ስም ከነአባቱ ቢያውቁት፣ እናቱ ቤት እራት ቢበሉ፣ ነገ መሥመሩ እንደገና ቢሠመርም አይጠፋፉም።

ጉባኤው የፊታችን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ታች ጋይንት ሦስት ድምፅ፣ ሰዴ ሙጃ ሁለት ድምፅ ብቻ አላቸው፤ በራሳቸው ቁጥር ሊያሸንፉ አይችሉም። ስለዚህ የሚወስነው የብዙዎቹ፣ ያለ እነሱም ቡድን የሚሞላላቸው የላይ ጋይንት፣ የእስቴ፣ የፋርጣ፣ የፎገራ ልጆች እጅ ነው። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የግራ ክንፋችንን ጥያቄ አንድ ጊዜ ለራሳችሁ ጠይቁልን።