መጽሐፌ በአማርኛ ይውጣ



በራሴ ገንዘብ የማሳትመው ልብ ወለድ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጎንደር ተነስቶ በእግሩ ሱዳን ስለገባ አንድ ቤተሰብ ነው። ሰዎቹን እኔ ፈጠርኳቸው፤ የሌሊቱ ጉዞና ጥሙ ግን ቀድመውን ከገቡ ዘመዶቻችን የሰማሁት ነው።

መጽሐፍን በራስ ማሳተም ብዙ ሥራ አለው። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» በየገጹ እንዳይለዋወጡ ፊደል በፊደል መልቀም ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ ስለሚቆርጥ፣ የገጹ ብዛት ለ16 ቢካፈል ወረቀት አይባክንም። በዓለም አቀፉ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ውስጥ የእስራኤል ምልክት 965 ነው። ከታተመ በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የመጻሕፍት ሕግ መሠረት፣ ሁለት ቅጂ ኢየሩሳሌም ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል።

ይሄ ሁሉ ይቻላል። የከበደኝ የልጄ ጥያቄ ነው፦ «አባዬ፣ በዕብራይስጥ ካልሆነ ማን ያነበዋል?» እውነቷን ነው። ፊደል የቆጠረችው እዚህ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም።

ታዲያ ያን መንገድ የሄዱት ሽማግሎችስ? ማንበብ ለማይችሉት እኔው ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ይሄ ልክ ነው፣ እዚህ ጋ ግን ውሃ አልነበረም» ይበሉኝ። እነሱ ካለፉ ማን ያርመኛል? የዕብራይስጡ ትርጉም ቆይቶም ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ ይውጣ ብያለሁ።

እናንተም ኡልፓን ስትማሩ የአማርኛ ደብተራችሁን አትጣሉት። ያያችሁትን ጻፉ፣ አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ። በርቱ!