ወንፊቱን ማን ይጥረግ?

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዚህ አገር የሰማዩ ዝናም ለአዝመራ አይበቃምና፥ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ማጠጣት ከአያቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። በሌላ ስፍራ ጎርፍ እንደ ጠላት ሲፈራ፥ በራያ ግን እንደ እንግዳ ይጠበቃል። እንግዳውም ግንድ፥ ቅርንጫፍ፥ ድንጋይና ደለል ተሸክሞ ይመጣል። በእኛ ዘመን ደግሞ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ጨምሮበታል።

ጎርፉ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የቦዩ አፍ የተደፈነ እንደ ሆነ፥ ውሃው በወንዙ ያልፋል፤ ማሳውም ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ በሚሠራ ቦይ አፍ ላይ ቆሻሻውን የሚያስቀሩ የብረት ዘንጎች በረድፍ ይተከላሉ። ዘንጎቹ እጅግ የተራራቁ እንደ ሆነ ግንዱን ያሳልፋሉ፤ እጅግ የተቀራረቡ እንደ ሆነ ግን ቅጠሉ ይለጠፍባቸውና ውሃውንም ይከለክላሉ። ጋደል ብለው ቢተከሉ ለመጥረግ ይመቻሉ። ያልተጠረገ ወንፊት ግን ራሱ ግድብ ነው።

ታዲያ ማን ይጥረገው? ተራው የደረሰው ብቻ ነው እንዳንል፥ ማሳውን ያጠጣው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ የእርሱ ቆሻሻ ለሚቀጥለው ይተርፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ከቦዩ ጫፍ ያለው ነው።

አንድ ከተሜ ወዳጄ ፌስታል ከመንገድ ዳር ቦይ ሲጥል አይቼ ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቀው፥ «ጎርፍ ይወስደው የለምን?» አለኝ። በእርግጥ ይወስደዋል። ነገር ግን ጎርፍ የወሰደው ነገር አልጠፋም፤ ከታች ላለው ሰው ደረሰው እንጂ። የአዲስ አበባ የፍሳሽ ትቦዎችስ በክረምት የሚደፈኑት በዚሁ ዓይነት ቆሻሻ አይደለምን?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513፥ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል ለመሥራትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ሆኖም ሕግም እንደ ብረቱ ዘንግ ነው፤ ጠባቂ ሲያጣ ይደፈናል።

ወጣት ሆይ፥ ጎርፍ ሲወርድ ከውሃው መግባት ጀግንነት አይደለም። ሐምሌ ሳይገባ ከጎረቤትህ ጋር መንሽህን ይዘህ ውጣ፤ ጎርፉ ካለፈም በኋላ ተመለስ። የራስህ ማሳ ጠጥቶ ቢሆንም እንኳ ተመለስ፤ ከታችህ ያለው ገና አልጠጣምና።