የማይታየው ግድግዳ ስንት ሚሊ ነው?

ዛሬ ፖለቲካውን ለሌሎቹ ጸሐፊዎቻችን ትተን ስለ እንጨት ልናወራ ነው።

እኛ አሶሳ ያለን ሰዎች የዕቃ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣልን ቅል ነው። የቅልን ግድግዳ የሚያወፍረውም የሚያሳሳውም ተክሉ ራሱ ነው። የሰው ድርሻ አፉን መቁረጥ፣ ዘሩን ማውጣትና ውስጡን መፋቅ ነው። በርታዎች የሚነፉት ረጅሙ ዋዛም ከቅል ይሠራል። አንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ ስላለው ዜማው የሚወጣው ብዙ ሰው እየተቀባበለ ሲነፋ ነው። (ስሙ ዋዛ ነው እንጂ ነገሩ ዋዛ አይደለም!) ሽመል ደግሞ ሌላ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲያድግ የኛ የቆላው ድፍን ነው፣ ወይም ድፍን ለመባል ጥቂት የቀረው።

እንጨት ግን ምንም አይወስንላችሁም። ግንዱ ቶርኖ ላይ ከታሰረ በኋላ ግድግዳው ስንት ሚሊ ይቅር የሚለው የእናንተ ጣጣ ነው።

አፉ ሰፊ ለሆነ ገበታ ካሊፐር ይበቃል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ የማር ዕቃ ላይ ግን ካሊፐሩ ሆዱን ለክቶ ሲወጣ ከንፈሩ ላይ ይያዛል፤ እንዲያልፍ ከከፈታችሁት ልኩ ጠፋ። እኛ የያዝነው መላ ጠንካራ ሽቦ ነው። ሽቦው ይታጠፍና አንዱ እግሩ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ውጭ ይቀራል። በሁለቱ ጫፎች መካከል 20 ሚሊ ክፍተት አለ እንበል። የውስጡ ጫፍ ግድግዳውን ሲነካ በውጭው ጫፍና በእንጨቱ መካከል 12 ሚሊ ከታየ፣ እንጨቱ 8 ሚሊ ነው። የሁለተኛ ክፍል ቅነሳ! ለታቹ ደግሞ መፈልፈል ሳይጀመር መሃሉ በትራፓኖ ይበሳል፤ ፑንታው ላይ የተጠመጠመች ፕላስተር የት መቆም እንዳለባችሁ ትነግራችኋለች። ታዲያ ሽቦው የሚገባው ማሽኑ ቆሞ ነው። እየዞረ የሚለካ ሰው ካያችሁ ሽሹ።

ጆሮም ይረዳል። ግድግዳው ሲሳሳ የመሮው ድምፅ ይለወጣል። ግን ጆሮ «ሳስቷል» ይላል እንጂ ስንት እንደቀረ አይናገርም።

ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ስሱ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተራል፣ ወፍራሙ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ በመጎተት ብዛት ዕቃው ይሰነጠቃል። ስለዚህ እርጥብ ዋንዛ መጀመሪያ የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ግድግዳ ተትቶለት ይፈለፈላል። 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሳንቲ ማለት ነው። ከዚያ ለወራት ይደርቅና እንደገና ቶርኖ ላይ ይወጣል፤ እስከዚያ ክብነቱ ወደ ሞላላነት ማዘንበሉ አይቀርም።

አሁን ወደ ጠባችን። ከመካከላችን ገሚሱ «15 ሚሊ ላይ እንቁም፣ ወፍራም ዕቃ አይሰበርም» ይላል። ሲታይ እውነት ይመስላል። ነገር ግን የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን የሚሸከሙት ትከሻ ላይ በሚጋደም እንጨት፣ ከሁለቱም ጫፍ አንጠልጥለው ነው። ቁመቱ 25፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ የዋንዛ ዕቃ ግድግዳው ከ15 ወደ 8 ሚሊ ቢወርድ በግምት 400 ግራም ይቀልለዋል። በሁለት ጫፍ ሁለት ዕቃ ሲሆን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ገና ማር ሳይገባበት! እዚያ ትከሻ ላይ ለማይውል ሰው «ወፍራም ይሁን» ማለት ቀላል ነው። (ጄሪካን መጥቶ የለም ወይ ትሉን ይሆናል። መጥቷል። እሱም ያሸነፈው ግድግዳው ስስ ስለሆነ አይደል?)

በጎኑ 8 ሚሊ ላይ ተስማምተናል። ታቹ 12 ይሁን የሚሉት ግን እስካሁን እጅ አልሰጡም፤ ሽቦውንም እነሱ ናቸው የያዙት።