ስምንት ዓመት የጠበቀ ወደብ

«ወደብ» የሚለው ቃል ሲነሣ የእኛ ሰው ጆሮ ወዲያው ይቆማል። ክርክራችን ግን ብዙውን ጊዜ ጠረፉ የማን ነው ከሚለው አያልፍም። ከምኖርበት ከቦስተን በስተደቡብ የምትገኘው ኒው ቤድፎርድ ጠረፍ አጥታ አታውቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዓሣ ነባሪ ዘይት የብዙ አገር ፋኖስ ያበራች ከተማ ናት። ሆኖም ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ለመትከል በታሰበ ጊዜ ነባሮቹ የጀልባ ማረፊያዎች አልበቁም።

ምክንያቱ ክብደትና ርዝመት ነው። የአንዱ ተርባይን አንድ ክንፍ ብቻ 107 ሜትር ይረዝማል፤ በከተማ መንገድ አይጓጓዝም። ክንፉም ማማውም በመርከብ መጥተው ውኃው ዳር መራገፍ፣ መደርደርና በከፊል መገጣጠም አለባቸው። መሬቱ ይህን ሁሉ ከነክሬኑ ሳይሰምጥ መሸከም ይኖርበታል።

ማሳቹሴትስ ለዚሁ ሲባል ወደ 113 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ ልዩ ተርሚናል ሠራች (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ሥራው በ2015 ሲያልቅ፣ ወደቡ የታሰበለት ኬፕ ዊንድ የተባለው ፕሮጀክት በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውሎቹን አጣ። ተርሚናሉ የተሠራለትን ሥራ ሳያይ ዓመታት ተቆጠሩ። አንድ ወዳጄ «ዶክተር፣ ግብርህን ነፋስ ወሰደው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም። የጀርመኗን ብሬመርሃቨን እንመልከት። በዚያ የታቀደው የባሕር ነፋስ ተርሚናል በፍርድ ቤት ክርክር ተይዞ ቆየ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2021 ዕቅዱን ሳይቀበለው ቀረ። እስከዚያ ድረስ በከተማዋ ተርባይን ይሠራ የነበረው ሴንቪዮን በ2019 ከስሮ ነበር። ባዶ ወደብ ቢያንስ ሥራ ሲመጣ ይቀበላል።

ኒው ቤድፎርድን ያዳናት ግን ኮንክሪቱ ብቻ አይደለም። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በ2016 ያወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ አከፋፋዮች 1,600 ሜጋ ዋት የባሕር ነፋስ ኃይል እንዲገዙ አስገደደ። ከዚያ ገበያ የተወለደው ቪንያርድ ዊንድ፣ 62 ተርባይኖችና 806 ሜጋ ዋት ያለው ፕሮጀክት፣ በሜይ 2023 የመጀመሪያ ጭነቱን በወደቡ አራገፈ። ሕጉ ከወደቡ እኩል ወጥቶ ቢሆን ኖሮ መጠበቁ ባጠረ ነበር።

ሌላ አሮጌ ሕግም ነበር። የ1920ው የባሕር ንግድ ሕግ በአሜሪካ ሁለት ቦታዎች መካከል ጭነት የሚያመላልሰው መርከብ አሜሪካ የተሠራ እንዲሆን ያዛል። ተርባይኑን የሚተክለው መርከብ ከአውሮፓ የመጣ ስለነበረ ባሕር ላይ ቆሞ ይጠብቅ፣ ዕቃውንም የአሜሪካ ባርጆች ያቀብሉት ነበር። ባርጆቹ የሚወጡት በወደቡ የማዕበል መከላከያ ግንብ በር ነው፤ ስፋቱ 46 ሜትር ያህል ብቻ! ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ ተርባይኖቹ እርስ በርስ አንድ የባሕር ማይል ተራርቀው መተከላቸው እንኳ አላረካቸውም፤ ቅሬታቸው በቀላሉ የሚጣል አይመስለኝም።

በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንቱ በፌዴራል የባሕር ክልል አዲስ የነፋስ ኃይል ኪራይ እንዳይሰጥ አዘዙ። ለምክር ቤት ተወካዬ ደብዳቤ ጽፌ፣ ተርሚናሉ ከቪንያርድ ዊንድ በኋላ ምን እንደሚጭን ጠይቄአለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው።