ስለ ወንዝ ውሃና ስለ ውሃ ቁንጫ

በጣና ዙሪያ ባሉ ወንዞች ዓሣ አጥማጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ እንደሚበትኑ አንባቢ ሳይሰማ አይቀርም። በፍሬው ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ ዓሣውን ትንፋሽ ነሥቶ ያንሳፍፈዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ለዓለም አስታወቁ። እንግዲህ የውሃን መርዝነት በውሃ ውስጥ ከሚኖረው ፍጡር መረዳት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛን ሦስት መምህራን ግን፣ ይህን ሁሉ እያወቅን፣ የመጀመሪያው ምርመራችን አሳፈረን። በትንሹ አቃቂ ዳር አትክልት የሚያለሙ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የውሃው ቀለም መለወጡን፣ ሽታውም መክፋቱን ነግረውን ነበርና፣ ከዚያ ቀድተን በክፍላችን ባረባነው የውሃ ቁንጫ ልንፈትነው ቆረጥን። የውሃ ቁንጫ ሲባል የሚነክስ ነገር እንዳይመስል፤ ጫጩቱ ከጤፍ ቅንጣት የማይበልጥ፣ ሰውነቱ እንደ ብርጭቆ የጠራ በመሆኑም ልቡ ስትመታ በማጉያ መነጽር የምትታይ የዋህ ፍጡር ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው 20 ቁንጫዎች አምስት አምስት ሆነው በአራት ብርጭቆ ይከፈሉና በሚመረመረው ውሃ 48 ሰዓት ይቆያሉ። ከዚያ ብርጭቆው በቀስታ ይነቀነቃል፤ በ15 ሰኮንድ ውስጥ መዋኘት ያቃተው እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል። በአጠገቡም ንጹሕ ውሃ የያዙ ብርጭቆዎች ለማመሳከሪያ ይቀመጣሉ።

ጊዜው ሲደርስ በወንዙ ውሃ ካሉት አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ቁጣና ደስታ ተደባልቆብን (እውነቱን ለመናገር ደስታው ይበልጥ ነበር) ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የክስ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርን። ከተማሪዎቻችን አንዱ ግን የማመሳከሪያውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «መምህር፣ እነዚህም እኮ ሞተዋል» አለን። ንጹሕ ነው ብለን የሞላነው የቧንቧ ውሃ ነበርና ክሎሪኑ ፈጅቷቸው ኖሯል። በማመሳከሪያው ከ10 በመቶ በላይ ከተሸነፉ ፈተናው ከንቱ ነው። ደብዳቤውን ቀደድነው።

ዳግመኛ ከእንጦጦ ግርጌ የምንጭ ውሃ አምጥተን ጀመርን። በዚህ ጊዜ በምንጩ ውሃ ያሉት ሁሉ ሲዋኙ፣ በወንዙ ውሃ ያሉት አብዛኞቹ ከብርጭቆው ሥር ተዘርግተው አገኘናቸው።

ውጤቱን ለአትክልተኛው ልንነግራቸው ወረድን። እርሳቸውም በጥሞና ሰምተው፣ «ታዲያ ልጆቼ፣ ጎመኑን ልንቀለው ወይስ ላጠጣው?» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ውሃው እስትንፋስ ያነሰው ይሁን፣ የቆዳ ፋብሪካ ክሮም የበዛበት ይሁን፣ ወይም የሳሙና እጣቢ፣ ቁንጫው መሞቱን እንጂ የገዳዩን ስም አይናገርም። ጎመኑ ውስጥ የገባውን ለማወቅ ደግሞ ቅጠሉን ራሱን በሌላ መሣሪያ መመርመር ያሻል፤ መሣሪያው በእጃችን አልነበረም። ይህንኑ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ባልዲያቸውን አነሡ፤ ልጆቻቸው የሚበሉት ከዚያው መሬት ነውና።

ስንሰናበት ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እስር ጎመን ሰጡን። እንቢ ማለት ነውር ሆኖብን ተቀበልን። ከተማ እስክንደርስ ድረስ በመኪናው ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስንወርድም ማናችንም አላነሣነውም።