ገብስማዋ ዶሮና የዝይ እንቁላሎች

ዝዮቹ የኛ አልነበሩም። ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው፣ ያኔ ደብረ ዘይት በምንላት ከተማ፣ ከአጥራችን ማዶ ሰፊ ግቢ ነበር። ዝዮቹ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ከውሻው ቀድመው ይጮኻሉ። ሴቷ አንድ ቀን እየዘለለች ትጥላለች፤ ጥላ ስትነሣም እንቁላሏን በገለባ ሸፍና ነው የምትሄደው። ዘበኛው ጠዋት ጠዋት፣ አንገቱን ዘርግቶ የሚመጣበትን ወንዱን በዱላ እየመለሰ፣ ከገለባው ሥር ያወጣል። አንዱን ግን ሁልጊዜ ይተውላታል። ባዶ ካገኘችው ሌላ ቦታ ፈልጋ ትጥላለች ይል ነበር።

አምስት እንቁላል ለእናቴ ሰጣት። «እትዬ፣ ያቺ ጭር ያለችው ዶሮዎ ትሞክራቸው እስቲ» አላት።

ገብስማዋ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ጫጩት አውጥታለች። እናቴ አሮጌ እንቅብ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ የካቲት 3 ማታ አሳቀፈቻት። አንዱ የዝይ እንቁላል ሦስት የሐበሻ እንቁላል ያህላል፤ ክንፏን ዘርግታ እንኳ አምስቱን መሸፈን ይቸግራት ነበር። የራሷን ቢሆን በምንቃሯ እየሳበች ታገላብጣለች፤ እነዚህ ግን ከበዷት። ስለዚህ እናቴ በእያንዳንዱ እንቁላል አንድ ጎን ላይ በከሰል መስቀል አድርጋ፣ ማገላበጡን ለኔ ሰጠችኝ። ጠዋት መስቀሉ ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች።

በዐሥረኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በሻማ ብርሃን አየናቸው። በአራቱ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። አምስተኛው ጥርት ያለ ነበር። «አውራ አልነካውም» አለችና አወጣችው።

የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ነው። የካቲት 24 ደረሰ፤ እንቁላሎቹ ዝም። እናቴ በአጥሩ በኩል ዘበኛውን ጠራችው። «የዝይ ወር ሙሉ ነው፣ እትዬ» አላት።

ከአእምሮዬ ያልወጣው ያ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው። የታቀፈች ዶሮ በቀን አንድ ጊዜ ለጥሬና ለውሃ ትነሣለች። ገብስማዋ ያንንም ተወች። የደረቷ ላባ ረግፎ ቆዳዋ ይታያል፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቷል። እናቴ በየቀኑ አቅፋ ታወርዳታለች፤ እሷም ሁለት ሦስት ጥሬ ለቅማ እየሮጠች ትመለሳለች። በዚያች አፍታ እኔ እንቁላሎቹ ላይ ለብ ያለ ውሃ እረጫለሁ። እናት ዝይ ከውሃ ወጥታ በረጠበ ላባዋ ትታቀፋለች፤ የኛዋ ደረቅ ናት፣ ወሩም በጋ ነው።

መጋቢት 2 ማታ ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። በማግስቱ፣ ልክ በሠላሳኛው ቀን፣ ቅርፊቶቹ ተሰነጠቁ። መጋቢት 4 ማለዳ ሦስቱ ወጥተው ከገብስማዋ ክንፍ ሥር ቢጫ ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። አራተኛው ምንቃሩን አሳይቶ ቆመ። እናቴ ገበያ ሄዳለች። የታፈነ መሰለኝ፤ በጥፍሬ ላጥሁለት። ከስሱ ሽፋን ደም ወጣ።

ጫጩት ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ ዝም የሚለው በሽፋኑ ላይ ያለውን ደምና የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ስለሆነ ነው፤ የዝይ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ስትመለስ መልሳ ከዶሮዋ ሥር አስገባችው። እስከ ማታ አልቆየም። አልተቆጣችኝም፤ ውሃ አምጥታ እጄን አጠበችልኝ።

በማግስቱ ገብስማዋ ራሷ ከእንቅቡ ወረደች፤ ሦስቱ ተከተሏት። እናቴ እንጀራ ፈርፍራ በተነችላት። ያን ሁሉ ቀን የተራበችው ዶሮ ፍርፋሪውን በምንቃሯ እያነሣች፣ መልሳ መሬት ላይ እየጣለች ትጠራቸው ጀመር። እነሱ ፍርፋሪውን አልፈው በአጥሩ ሥር ያለውን ሣር ይነጫሉ። ደጋግማ ጠራቻቸው። ጠግበው መጥተው አጠገቧ ሲተኙ፣ ያን ጊዜ በላች።