ሶኬቱ ገጠመ ማለት ኮይሉ ይሠራል ማለት አይደለም

የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ይወርዳል?» ብሎ ነው። ስለ ኮይሉ፣ መሬቱን ስለሚቃኘው ክፍል፣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔን ግን ከማሽኑ ይልቅ ኮይሉ ያሳስበኛል፤ በተለይ ፐልስ ኢንዳክሽን በሚባሉት ላይ።

እነዚህ ማሽኖች ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት በኮይሉ ይለቁና በድንገት ይቆርጡታል። ከዚያ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ከመሬት የሚመለሰውን ደካማ ምልክት ያዳምጣሉ። ኮይሉ ራሱ ቶሎ ጸጥ ካላለ የደቃቁ ወርቅ ምልክት እዚያው ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ የሽቦው ኢንዳክታንስና ሬዚስታንስ ለማሽኑ የተመጠነ መሆን አለበት። ቪኤልኤፍ ለሚባለው ሌላ ዓይነት ማሽን የተሠራ ኮይል፣ ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ፣ እዚህ አይሆንም።

ማይንላብ የተባለውን አምራች ዕቃ ተመልከቱ። የጂፒኤክስ 4500 ማሽን ኮይል 5000ው ላይ ያለ ችግር ይሠራል። 6000ው ላይ ግን አይሠራም። «ያው ጂፒኤክስ አይደል እንዴ?» የሚላችሁ ነጋዴ ካጋጠማችሁ (ያጋጥማችኋል!) ኪሳችሁን ጠብቁ።

ከኮይል ዓይነቶችስ ሞኖ ወይስ ደብል ዲ? ሞኖው ጠለቅ ብሎ ያያል፤ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላይ ግን ይጮህባችኋል። ደብል ዲው እዚያ ረጋ ይላል። ትልቅ ኮይል ትልቁን ወርቅ ከጥልቅ ያገኛል፣ ደቃቁን ያልፋል፣ ትከሻም ይጨርሳል። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል፣ ለወርቅ ፍለጋ ሻኪሶም ብወርድ አሶሳም፣ 11 ኢንቹን ሞኖ ነው የምይዘው።